ሳይነቀል የታየው ድንጋይ

በቅርቡ አቃቂ ድልድዩን አለፍ ብሎ ለሕንፃ መሠረት በሚቆፈር ጉድጓድ ዳር ቆሜ ነበር። ከላይ ጥቁሩ መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ የሚያስቀረው፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀው ያው የሰፈራችን አፈር። ከሥሩ አመድ የመሰለ ግራጫ አፈር፣ ከዚያም በታች ወንዝ ያንከባለለው ድቡልቡል ጠጠር ከአሸዋ ጋር ተቀይጦ በአግድም ተነጥፏል። ልጆቹ ጠጠሩን በአካፋ እየዛቁ ያወጣሉ። አንዱ ጠንከር ያለ ድንጋይ ሲያጋጥመው በዲጂኖ ፈነቀለና ወደ ጎን ወረወረው፤ ዞር ብሎም አላየው።

እኔ ግን እንዲህ ያለ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር እግሬ ይታሰራል። የሰው ልጅ በዚህ ምድር ላይ ምን ያህል እንደቆየ ዓለም የተረዳው ልክ እንዲህ ባለ የጠጠር ጉድጓድ ውስጥ፣ አካፋ የያዙ የቀን ሠራተኞች ባወጡት ድንጋይ ነው። ነገሩ የተጀመረው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። የሚደርሰው ግን ከአቃቂ ብዙም በማይርቅ የአዋሽ ዳርቻ ነው።

ዘመን መቁጠር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለውን ዘመን 5500 ብለው፣ ዓመተ ፍዳ ብለው ሰይመው፣ በዚያ ላይ የዓመተ ምሕረቱን እየደመሩ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡልን ኖረዋል። እንግሊዞችም የራሳቸው ቁጥር ነበራቸው። ጄምስ አሸር የተባለ ሊቀ ጳጳስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት 4004 ዓመት በፊት ነው ብሎ ቆጠረ፤ ቁጥሩም በመጽሐፍ ቅዱሶቻቸው ኅዳግ ላይ እየታተመ ሰው ሁሉ ለመደው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ምድር እጅግ አሮጌ መሆኗን የድንጋይ አጥኚዎቹ አብዛኞቹ ተቀብለው ነበር። ሰው ግን ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው፣ ከጠፉት አራዊት ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየም የሚለው እምነት አልተነቃነቀም።

ማስረጃ ስላልነበረ አይደለም። በ1797 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ፍሬር የተባለ ባለ ርስት፣ ሆክስን በምትባል የእንግሊዝ መንደር የጡብ ጭቃ የሚያወጡ ሠራተኞች ያገኟቸውን የተጠረቡ ባልጩቶች ለለንደን የጥንት ቅርሶች ማኅበር ላከ። ከመሬት በታች አራት ሜትር ግድም የተገኙ በመሆናቸው እጅግ የራቀ ዘመን ናቸው ሲል ጻፈ። ማኅበሩ አመስግኖ መዝገብ ውስጥ አስቀመጠው፤ ከዚያ ከ60 ዓመት በላይ ማንም አላስታወሰውም። ጆን ማክኤነሪ የተባለ የካቶሊክ ቄስም በ1820ዎቹ ቶርኪ ከተማ አጠገብ ባለ ዋሻ ውስጥ፣ ከጠፉ አራዊት አጥንት ጋር የሰው እጅ የሠራው ባልጩት አገኘ። በዘመኑ ትልቅ ስም የነበረው የኦክስፎርዱ ዊልያም በክላንድ ሊሆን አይችልም አለው። ቄሱ ጽሑፉን ሳያሳትም በ1841 አረፈ።

አቤቪል በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ደግሞ ዣክ ቡሼ ደ ፐርት የሚባል የጉምሩክ ሹም ነበር። በሶም ወንዝ ዳር ከሚገኙ የጠጠር ካባዎች የእንባ ዘለላ የመሰሉ፣ በሁለት ፊት የተጠረቡ ድንጋዮች እየገዛ ይሰበስባል። በ1840ዎቹ መጨረሻ ስለ እነሱ መጽሐፍ አወጣ። ፓሪስ ያሉ ምሁራን ሳቁበት። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ለመሳቂያነት ራሱ አመቻችቷቸው ነበር፤ ከእውነተኛዎቹ መጥረቢያዎች ጋር ወንዝ ያለሰለሰውን ተራ ድንጋይ ሁሉ የአራዊት ሐውልት ነው እያለ ይቀላቅል ነበር። ደግሞም ድንጋዮቹ እጁ የሚገቡት ከሠራተኛ እጅ ነው። ከየትኛው ንጣፍ እንደወጡ፣ ከላይ ተንከባለው ይውረዱ፣ ሠራተኛው ራሱ ጠርቦ ይሽጣቸው፣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ለውጡ የመጣው በ1858 ነው። እንግሊዝ አገር፣ ዴቨን ውስጥ፣ ብሪክስሃም በምትባል ከተማ ማንም ያልነካው ዋሻ ተገኘ። ቁፋሮውን በቦታው የመራው ዊልያም ፔንጌሊ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ የቶርኪ አስተማሪ ነበር። ፔንጌሊ ከአፍ ወደ ውስጥ በጥድፊያ ከመቆፈር ይልቅ ንጣፍ በንጣፍ እየገፈፈ፣ እያንዳንዱ አጥንትና ድንጋይ የተገኘበትን ቦታ እየመዘገበ ሄደ። ጣሪያው ባንጠባጠበው ኖራ ከተጋገረው ወለል በታች የማሞዝ፣ የአውራሪስና የጅብ አጥንት አለ፤ ከአጥንቱ ጋር ደግሞ የተጠረበ ባልጩት። ኖራው አልተሰበረም ነበር። በላዩ ሾልኮ የገባ ነገር ሊኖር አይችልም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሂዩ ፋልኮነር የተባለ፣ ሕንድ ውስጥ ቅሪተ አካል ሲያጠና የኖረ ሐኪም በአቤቪል ሲያልፍ የቡሼን ስብስብ አየ። ወዲያው ወዳጁን ጆሴፍ ፕሬስትዊችን ሄዶ እንዲያይ ወተወተው።

ፕሬስትዊች የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር። ሥራው ከከተማ ከተማ ያዞረዋል፤ በመንገዱም ለባቡር ሐዲድ የተቆረጡ ገደሎችንና ጉድጓዶችን እየተመለከተ የምድርን ንጣፍ ራሱን በራሱ አስተማረ። በ1851 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ለንደን ዙሪያ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ጓደኛው ጆን ኢቫንስ የወረቀት ፋብሪካ ሰው ነው፤ የጥንት ሳንቲምና ባልጩት ይሰበስባል። በኋላ የተቀላቀላቸው ጆን ላቦክ የባንክ ባለቤት ነበር። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ዓፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ በጻፉላት በዚያችው ንግሥት ዘመን፣ ሳይንስ ለብዙዎቹ እንጀራ አልነበረም። ቀን ሱቃቸውንና ፋብሪካቸውን ይመራሉ፣ ማታና በዕረፍት ቀን ድንጋይ ያያሉ።

ኤፕሪል 1859 ላይ ፕሬስትዊች ቀድሞ አቤቪል ገባ፤ ኢቫንስ ተከተለው። እኛ ዘንድ 1851 ዓ.ም. ነው፤ ዓፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱ እንግሊዛውያን አቤቪል ሳሉ ከአሚየን ከተማ በቴሌግራም መልእክት መጣ፤ ሴን አሹል በሚባለው የከተማዋ ዳርቻ፣ በጠጠር ካባ ውስጥ አንድ መጥረቢያ ከንጣፉ ሳይወጣ ይታያል። ባቡር ተሳፍረው ገሠገሡ። (የባቡር ነገር የአቃቂ ጣቢያን እያየ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ያ ባቡር ባይኖር ምናልባት ሳይደርሱበት ሌላው አካፋ ያነሳው ነበር።) ቀኑ ኤፕሪል 27 ነው። ሲደርሱ እውነትም የድንጋዩ ጠርዝ ከጠጠሩ መካከል ብቅ ብሎ ይታያል። በላዩ በርካታ ሜትር ጠጠርና አሸዋ አለ፤ ንጣፉ አልተቆረጠም፣ አልተናደም፣ ማንም አልቆፈረውም።

አልነቀሉትም። ፎቶግራፍ አንሺ አስጠሩ።

ያ ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። በካባው ግድግዳ ፊት ሰዎች ቆመዋል፤ አንደኛው እጁን ዘርግቶ በጣቱ ድንጋዩን ያመለክታል። ከዚያ በፊት በሺህ የሚቆጠሩ የድንጋይ መጥረቢያዎች ከመሬት ወጥተዋል። ገበሬዎች የመብረቅ ድንጋይ ይሏቸው ነበር፤ ባለጠጎች በመስታወት ሳጥን ያስቀምጧቸው ነበር። ድንጋይ አልጎደለም። የጎደለው ድንጋዩን በተኛበት፣ ምስክር ባለበት ማየት ነበር። እነዚህ ነጋዴዎች በምሁራኑ ላይ የበለጡት በእውቀት አይመስለኝም፤ እጃቸውን ለጥቂት ሰዓት በመሰብሰብ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጥኖ ሄደ። ሜይ 26 ፕሬስትዊች ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የሳይንስ ማኅበር፣ ጁን 2 ኢቫንስ ለጥንት ቅርሶች ማኅበር ያዩትን አነበቡ። ለካ ፍሬር የላካቸው ባልጩቶች እዚያው ማኅበሩ ቤት ተቀምጠው ኖሯል፤ ኢቫንስ ሲያያቸው ከሶሞቹ ጋር አንድ ዓይነት ሆነው አገኛቸው። በሴፕቴምበር ታላቁ ጂኦሎጂስት ቻርልስ ላይል በአደባባይ ሐሳቡን ለውጦ ተቀበለ። የዳርዊን መጽሐፍ የወጣው ኖቬምበር ላይ ነው። የሰው ልጅ ጥንታዊነት ዳርዊንን ሳይጠብቅ፣ በጠጠር ጉድጓድ ማስረጃ ብቻ፣ ቀድሞ ቆሞ ነበር።

ክርክራቸው እንዴት እንደሚሠራ አቃቂ ቆሞ መረዳት ይቀላል። ወንዝ ጠጠር የሚያነጥፈው በሚፈስበት ወለል ላይ ነው። መጥረቢያው የተገኘበት ጠጠር ግን ከሶም ወንዝ በላይ፣ ከፍ ብሎ ኮረብታው ወገብ ላይ ነበር። እንግዲህ ሰውየው መጥረቢያውን ሲጥል ወንዙ እዚያ ላይ ይፈስ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሸለቆውን በሙሉ እየቦረቦረ ዛሬ ወዳለበት ወርዷል። አያቶቻችን የተሻገሩት የአቃቂ መሻገሪያ ዛሬም ያው መሻገሪያ ነው። በሦስትና በአራት ትውልድ ዕድሜ የማይታወቅ ለውጥ ሸለቆ ለማውጣት ምን ያህል ይፈጅበታል? ፕሬስትዊችና ኢቫንስ በዓመት ሊቆጥሩት አልቻሉም፤ አልሞከሩምም ማለት ይቻላል። 6000 ዓመት እንደማይበቃ ግን ማንም ያየ ሊክድ አልቻለም።

ጥንቃቄያቸው ከንቱ እንዳልነበረ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ቡሼ ደ ፐርት የሰው አጥንት ላገኘ 200 ፍራንክ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። በ1863 ሙላን ኪኞን ከሚባል ካባ የሰው መንጋጋ ወጣ። ፈረንሳዮቹ ተደሰቱ። ኢቫንስ ግን አብረውት የወጡትን መጥረቢያዎች ሲያገላብጥ ጠርዛቸው እንደ አዲስ የሰላ፣ ከላያቸው ያለው ዝገት መሰል ቀለምም በውሃ የሚታጠብ ሆኖ አገኘው። መንጋጋውም አዲስ ነበር። ለሽልማቱ ሲባል የተቀበረ ነው። ኢቫንስ ራሱ ድንጋይ እየፈለጠ መጥረቢያ መሥራት የተማረ ሰው ስለነበር የቅርቡን ከጥንቱ በዓይኑ ይለያል። ላቦክ በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ ዘመነ ድንጋይን አሮጌና አዲስ ብሎ ከፈለው፤ በ1872 ደግሞ ገብሪኤል ደ ሞርቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ለእነዚያ መጥረቢያዎች ከካባው ስም ወስዶ አሹሊያን አላቸው። ይህ የአንድ ፈረንሳይ ከተማ ዳርቻ ስም ዛሬ በእኛ ሙዚየም መግለጫዎች ላይ ተጽፎ ይገኛል።

እንዴት ወደኛ መጣ? በአድዋው ዓመት በ1896 ነው። ሴተን-ካር የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ሶማሌ ምድር፣ ከበርበራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከወንዝ አጠገብ የለቀማቸውን የድንጋይ መጥረቢያዎች ይዞ ለንደን ገባ። ያሳየው ለጆን ኢቫንስ ነው። ከ37 ዓመት በፊት ወጣት ሆኖ የሴን አሹልን ድንጋይ ያስነሳው ሰው አሁን ሽማግሌ ሆኗል፤ ያንኑ ቅርጽ ከአፍሪካ ቀንድ መጥቶ አየው። በዚያው ዓመት ለሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ዳርዊን በ1871 የሰው ዘር መነሻ አፍሪካ ሳትሆን አትቀርም ብሎ ገምቶ ነበር፤ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ከቀንዱ የመጣው ግን እንዲህ፣ በአዳኝ ከረጢት ነው። ያሳዝነኛል፤ የት ንጣፍ ውስጥ እንደነበሩ ያየ የለም፤ መሬት ላይ ተለቅመው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው መጣ። በ1929 ድሬዳዋ አጠገብ የፖርክ ኤፒክ ዋሻን ያገኙት አንድ ካህንና አንድ ባሕረኛ ናቸው፤ ቴይያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬ። ዴዝሞንድ ክላርክ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት በወታደርነት መጥቶ፣ በየሰፈረበት ድንጋይ እያየ ስለ ቀንዱ ቅድመ ታሪክ በ1954 መጽሐፍ አወጣ። እነዚህን አልፌ ወደ ቤታችን ልምጣ።

ከቃሊቲ በቀለበት መንገዱ ወደ ጀሞ፣ ከዚያ ወደ ዓለም ገና ወጥቶ የቡታጅራን መንገድ የያዘ ሰው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆነው አዋሽን ይሻገራል። ቦታው መልካ ቁንጡሬ ነው፤ መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። የእኛው ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው፣ ከዚያ ቦታ በታች አዋሽን ይቀላቀላሉ። አንድ ተፋሰስ ነን።

በ1963 ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ በዚህ መሻገሪያ አጠገብ፣ ወንዙ በቦረቦረው ገደል ውስጥ የተጠረቡ ድንጋዮች ተሰክተው አየ። የፕሬስትዊች የ1851 መጽሐፍ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ እንደነበር ሳስታውስ ነገሩ ይገርመኛል። ውሃ የሚፈልግ ሰው ገደል ያያል፣ ጠጠር ያያል፣ ንጣፍ ይለያል። የአዲስ አበባን ሕዝብ የሚያጠጣው የአቃቂ የጉድጓድ ውሃም የሚገኘው እሳተ ገሞራ የተወውን ንጣፍ በሚያነቡ ባለሙያዎች ነው። ዴከር ያየውን አሳወቀ፤ ጄራር ባዩ የተባለ ፈረንሳዊ ቦታውን ቃኘው፤ ከ1965 ጀምሮ ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዘመን ቆፈረው። በ1999 የጣሊያን ተመራማሪዎች ተረከቡት።

አዋሽ እዚያ ደለሉን እንደ ዳቦ ቆርጦ አስቀምጦታል። በየመካከሉ በዙሪያው የነበሩት እሳተ ገሞራዎች የተፉት አመድ አለ። ኢቫንስና ፕሬስትዊች ያጡት ቁጥር ያለው በዚህ አመድ ውስጥ ነው። አመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ በውስጡ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ በጣም በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ እየተለወጠ በማዕድኑ ቅንጣት ውስጥ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመውን መለካት ዘመኑን መቁጠር ነው። በዚህና ምድር በየዘመኑ የቀያየረችውን የመግነጢስ አቅጣጫ በማንበብ፣ ጋርባ በሚባለው የመልካ ቁንጡሬ ክፍል በ1981 የተገኘ የአንድ ሕፃን መንጋጋ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው በ2023 ታተመ። የሆሞ ኤሬክተስ ልጅ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ደጋ ላይ። ታኅሣሥ ሌሊት ደጅ ያደረ የአዲስ አበባ ሰው ያ ብርድ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ያን ሕፃን ያቀፈው ሰው ያውቀው ነበር።

ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል ደግሞ የእግር ዱካ አለ። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት በጭቃ ኩሬ ዳር የረገጡ ትልልቆችና ሕፃናት ዱካቸው ከአመድ በታች ተጠብቆ ቆየ። የጉማሬ እግር አብሮ አለ፤ የተበለተ ጉማሬ አጥንትም አለ፤ የተጠረበ ድንጋይም አለ። አንዳንዱ የእግር አሻራ ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ነው። ትልልቆቹ ሥጋ ሲበልቱና ድንጋይ ሲፈልጡ ልጆቹ እዚያው ከእግራቸው ሥር ይርመሰመሱ ነበር። እኔ የሰው ዘር መገኛ ነን የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ከሉሲ ይልቅ ወደ ልቤ የሚመጣው ይህ ነው።

ሲምቢሮ በሚባለው ክፍል የተገኘው ደግሞ ሥራ ቤት ነው። ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከ500 በላይ መሣሪያ በአንድ ቦታ፣ ከጥቂቱ በቀር ሁሉም እንደ ጠርሙስ ከሚያብረቀርቀው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ይህ ድንጋይ ሲፈልጡት ከምላጭ ይሰላል፣ በቀላሉም ይሰበራል፤ ያለ ልምድ እጅ ይቆርጣል። ከወንዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ በብዛት ያለበት ቦታ ባልጭት ይባላል። ባልጩት የሚለውን ቃላችንን የሚያውቅ አንባቢ ስሙን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። በደቡብ ኢትዮጵያ እስከ እኛ ዘመን ድረስ በዚሁና በሌላ የተፈለጠ ድንጋይ ቆዳ የሚፍቁ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በኮንሶ ሥራው የሴቶች ነው። ፋቂ ተብለው ሲናቁ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ኢቫንስ ድንጋይ እየሰበረ ሊማር የደከመበትን ጥበብ ከወላጆቻቸው የወረሱ ናቸው። ዛሬ ተመራማሪዎች የጥንቱን ድንጋይ ለመረዳት የሚሄዱት ወደ እነሱ ነው።

በ2024 ዩኔስኮ መልካ ቁንጡሬንና ባልጭትን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከዚያ ቀደም ጎና ላይ ዶክተር ስለሺ ሰማው 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን የድንጋይ መሣሪያ፣ ኮንሶ ላይ እነ ዶክተር ዮናስ በየነ 1.75 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን የአሹሊያን መጥረቢያ ለዓለም አሳውቀዋል። በሴን አሹል የወጣው ስም የእኛ አገር ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ዕድሜው በብዙ እጥፍ ጨመረ።

የሴን አሹሉ ድንጋይ ራሱ ምን ሆነ? የፕሬስትዊች ምልክት ተለጥፎበት ከስብስቡ ጋር ለንደን ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገባ፤ ከብዙ ድንጋይ መካከል ተረስቶ ተቀመጠ። በ2009፣ ልክ በ150 ዓመቱ፣ ሁለት ተመራማሪዎች ከፎቶግራፉና ከምልክቱ ጋር አመሳክረው ለዩት። በጣቱ የሚያመለክተው ሰውዬ ስም ግን አልተመዘገበም። የነጋዴዎቹን ስም እናውቃለን፤ አካፋውን ያቆመውን ሰው አናውቅም።

ወደ አቃቂው ጉድጓድ ልመለስ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ለቤት፣ ለመንገድ ወይም ለማዕድን ሲቆፍር ቅርስ ያጋጠመው ማንም ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ፣ እስኪረከቡትም እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። እንዳለ የሚለው ቃል ነው ትልቁ። በጉድጓዱ ዳር ለቆመው ፎርማን ይህን ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ጭቃ የለበሰ ድንጋይ ከክምሩ አንስቶ ይኼስ አለኝ። በወንዝ ውሃ የተንከባለለ የመሰለ ልሙጥ ድንጋይ ነበር፤ አንድም ጠርዝ የለውም፤ ነገርኩት። እየሣቀ መለሰው። ወደ ታች ዞሮ ግን ዲጂኖ የያዘውን ልጅ ጠራና ሹል፣ ሁለት ፊቱ የተጠረበ የሚመስል ነገር ካየህ ሳትነቅል ጥራኝ አለው። ልጁ ዲጂኖውን አቆመና የጠጠሩን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አየው።